«ተቅማጥ አይደለም፣ ግግ ነው»

ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። በክፋት አይደለም። የከተማ ልጅ ዓይኗ ሥር ያለ ነገር ሳይገባት ሲቀር እንደሚሳቀው ነው የሳቀችብኝ።

«ልጅሽ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ተቅማጥ ነበረው?» ብዬ ነበር የጠየቅኳት። መልሱ ሁለት ምርጫ አለው፤ «1. አዎ»፣ «2. የለም»።

«አይ እህቴ፣ ተቅማጥስ የለውም። ግግ ነው» አለችኝ።

ሕፃኑ ስምንት ወሩ ነው። ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ ዓይኖቹ ጎድጎድ ብለዋል። አጥሩ ላይ የተሰጡትን ጨርቆች ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ገና ከመታጠባቸው ውሃ ያንጠባጥባሉ። «ዛሬ ስንቴ ወጣው?» አልኳት፣ መጠይቁ ላይ የሌለ ጥያቄ።

«ኧረ ማን ቆጥሮት! ሌሊቱንም አላስተኛኝ። ጥርሱ እኮ ነው። ሐሙስ የምታወጣለት ሴትዮ ጋ እወስደዋለሁ።»

ግግ ምን እንደሆነ ለማታውቁ (ካላችሁ)፦ ሕፃን ልጅ ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው ድዱ ውስጥ ያለው ገና ያልወጣ ጥርስ ነው ያመመው ተብሎ ይታመናል። መድኃኒቱ ድዱን በሹል ነገር ፈልቅቆ ያንን ጥርስ ማውጣት ነው። «እንጥል መቁረጥ፣ ግግ ማውጣት» እየተባለ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ዝርዝር ውስጥ ትምህርት ቤት ሳለን የሸመደድነው ማለት ነው። ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። በዚያ ላይ ዋናው ችግር፣ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ውሃ ማለቁ፣ እንዳለ ይቀጥላል።

እኔ ምን አደረግኩ? ስልኩ ላይ «2»ን ተጫንኩ። የለም። ቀጣይ ጥያቄ፦ «የመጠጥ ውሃ ከየት ነው የምትቀጂው?»

ማታ የሆነው

ጋዜጠኝነት ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ያገኘሁት የመጀመሪያ ገቢ የመረጃ ሰብሳቢነት አበል ነበር። አንድ የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ስምንት ሆነን በቀን ሒሳብ ቀጠረን። አንድ ቀን ሥልጠና ወሰድን፣ ስልክ ተሰጠን፣ ወጣን።

ያን ቀን ማታ ሻይ ቤት ተሰብስበን ሳለ ነገሩን አነሳሁት። አንደኛዋ ልጅ «እኔንም ገጥሞኛል» አለች። ሌላኛው «እኔ ሁለት እናቶች ግግ ብለውኛል፤ ሁለቱንም የለም ብዬ ነው የሞላሁት» አለ። የጥናቱ ባለቤት ጋ ሄድኩ። ደክሞታል፤ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሷል።

«አንቺ፣ መጠይቁ ላይ ያለውን ብቻ ጠይቂ» አለኝ። «እያንዳንዱ ሰው እየጨመረ ከጠየቀ ጥናቱ ባያስ ይሆናል። ደግሞም መጠይቁ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ጸድቋል።»

እውነት ለመናገር፣ ግማሹ ልክ ነው። መረጃ ሰብሳቢ በየቤቱ የራሷን ጥያቄ እየፈጠረች ብትሄድ የሚገኘው ነገር ጥናት ሳይሆን ወሬ ነው። ልክ ያልሆነው ሌላኛው ግማሽ ነው። ስምንት ሰው አንድ ዓይነት ነገር አየን እያለ፣ ለአማካሪው ደውሎ «አንድ ቃል ችግር ፈጥሮብናል፣ ምን ላድርግ?» ማለት ይቻል ነበር። አልደወለም። «አሁን ብደውል አንተ ገና እዚያ ነህ እንዴ ነው የሚለኝ» አለ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በማግስቱ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አገኘኋትና ስለ ልጁ ነገርኳት። ቤቱን አወቀችው፤ «እሄዳለሁ» አለችኝ። ከዚያ ያለችኝ ነገር ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረው። «እኔ እናቶችን ተቅማጥ ብዬ አልጠይቅም። ስንቴ ወጣው? ውሃ ውሃ ይላል ወይ? ነው የምለው። ተቅማጥ ካልኳቸው የለም ነው የሚሉኝ።»

እንግዲህ አስቡት። በዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም መሠረት ተቅማጥ ማለት በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ መውጣት ነው። ይህ ትርጉም በእንግሊዝኛ ፕሮፖዛሉ ውስጥ በትክክል ተጽፏል። አማርኛው መጠይቅ ላይ ሲደርስ «ተቅማጥ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቀረች። ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን፣ ዶክተሮቹ የጻፉትን ትርጉም በራሷ መንገድ ወደ እናቶቹ ቋንቋ መልሳዋለች። እኛ ደግሞ እሷን ያሠራናት ምን ነበር? ቤት ማሳየት። ጥናቱ ውስጥ የነበራት ሚና «መንገድ መሪ» ነው።

ተመልሶ ተተረጎመ፣ ጸደቀ

ከወራት በኋላ የተጠረዘውን መመረቂያ ጽሑፍ አየሁት። ያቺ የታወቀች ዓረፍተ ነገር አለችበት፦ መጠይቁ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ በሌላ ሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ተተርጉሞ ተመሳሳይነቱ ተረጋግጧል። የጤና መመረቂያ ጽሑፎችን የምታገላብጡ ሁሉ ይህቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ውዳሴ ማርያም ታውቋታላችሁ።

አዎ፣ ተመሳሳይ ነው! «ዳያሪያ» ተቅማጥ ይሆናል፤ ተቅማጥም «ዳያሪያ» ሆኖ ይመለሳል። ሁለቱም ተርጓሚዎች ኮሌጅ የበጠሱ ናቸው። ፈተናው ሁልጊዜ ይታለፋል፤ ምክንያቱም የተፈተነው መዝገበ ቃላቱ እንጂ እናቲቱ አይደለችም።

የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ፤ ምስጋና። እግዚአብሔር፣ ወላጆች፣ አማካሪዎች፣ ጓደኞች፤ ከዚያም «መረጃ ሰብሳቢዎችንና መንገድ መሪዎችን አመሰግናለሁ»። ጥናቱን ሊያድን የሚችል እውቀት የነበራቸው ሰዎች ሁሉ እዚያች መስመር ውስጥ ተቀብረዋል። ውብ መቃብር ነው፤ ግን መቃብር ነው።

ይህን የምጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ከኪሱ ጨምሮ ነው ያን ጥናት የሠራው፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ስታቲስቲክስ ተምሯል፣ ኤፒዴሚዮሎጂ ተምሯል፣ የናሙና መጠን ማስላት ተምሯል። ከሌላ ሙያ ሰው ጋር አንድ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ መሥራት ግን ማንም አላስተማረውም። ክስ የማቀርበው ያላስተማሩት ላይ ነው። የጤና ድኅረ ምረቃ ትምህርታችን ትብብርን እንደ ጥሩ ጸባይ ነው የሚቆጥረው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ትብብር ሙያ ነው። ይማራል፣ ይለማመዱታል፣ ማርክ ይሰጥበታል። ካልተማሩት ደግሞ ልጅ ይሞትበታል።

ጎንደር ያወቀችውን እንዴት ረሳነው?

የሚገርመው ይህ ሐሳብ ለዚህች አገር አዲስ አለመሆኑ ነው። የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐኪም ብቻ ልመርቅ አላለም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ነበር የሚያሠለጥነው፤ ሦስቱም በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ላይ እንዲሠሩ ታስቦ። ጅማም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲቋቋም መለያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነበር። የቡድን ሥልጠና ፕሮግራሙ በተለያዩ የጤና ሙያዎች የሚመረቁ ተማሪዎችን አንድ ላይ ጤና ጣቢያ ያወርዳቸዋል።

ውጭ አገር ያሉት ይህን በደንብ ጽፈው ያወጡት ስንት ዘመን ቆይተው ነው! የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሙያዎች የጋራ ትምህርትና የትብብር አሠራር ማዕቀፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ፍሬ ነገሩ፣ የሁለትና ከዚያ በላይ ሙያ ተማሪዎች አንዱ ስለ ሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ አንዱም ከሌላው ጋር ይማር ነው። በዚያው ዓመት ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው የጤና ባለሙያዎች ትምህርት ኮሚሽን ሪፖርትም ሙያዎች እንደ ጎሳ ተከፋፍለው ለየብቻ መሮጣቸውን ከበሽታዎቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል።

ታዲያ እኛ ጋ የሚሆነው ምንድነው? የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪውን በቡድን እናወርደዋለን። በትምህርት ከፍ ሲል፣ ማለትም ጥያቄ መጠየቅ የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ፣ ብቻውን እንተወዋለን። የግል ፕሮፖዛል፣ የግል ዳታ፣ የግል ዲፌንስ። በዚያ ላይ የቀድሞው ቡድንም ቢሆን በጤና ሙያዎች አጥር ውስጥ ያለ ቡድን ነው፤ ሶሲዮሎጂ፣ ቋንቋ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የውሃ ምህንድስና የተማረ ሰው የለበትም። ግቢው አንድ ነው፤ ካፌው አንድ ነው። ተማሪዎቹ ግን የሚተዋወቁት ወረፋ ላይ ነው።

በሽታዎቻችን ግን ዲፓርትመንት አያውቁም። የእብድ ውሻ በሽታ የማን ነው? የሐኪሙ ነው እንዳትሉ፣ መነሻው ውሻው ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ነው እንዳትሉ፣ የተነከሰው ልጅ ነው። ቤተሰቡ ቀድሞ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ «ለምን?» የሚለውን ክትባቱም ማይክሮስኮፑም አይመልሰውም።

ሲሆን ያየነው

«አገራችን ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም» የሚል ካለ ሁለት ምሳሌ ይዣለሁ።

አንደኛው እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምተው ደግሞ ቀንድ አውጣው ነው። ዶ/ር አክሊሉ ቀንድ አውጣው ላይ ብቻ አፍጥጠው ቢቀሩ ኖሮ ልብስ አጣቢዎቹን ባላዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ የተክል ሰው፣ የኬሚስትሪ ሰው፣ የማኅበረሰብ ሰው የሚፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት የወሰዱትም ብቻቸውን አይደለም፤ ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ነው።

ሁለተኛው ዝሆኔ ነው። በወላይታና በሌሎችም ከፍተኛ ቦታዎች ገበሬዎችን እግራቸውን የሚያሳብጠው፣ ፈረንጆቹ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ጋር እንደሚገናኝ ያሳየው ዓይኑን ከእግሩ ላይ አንስቶ ወደ መሬቱ ስላዞረ ነው፤ ሐኪም አፈር ማንበብ ነበረበት። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ሁሉም ባዶ እግሩን እየሄደ ለምን አንዳንዱን ብቻ?» የሚል ነው። ለዚህ የዘረ መል ጥናት ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ተመራማሪዎቹ ደም ከመቅዳታቸው በፊት አንድ ነገር አደረጉ፤ ሰዉን ጠየቁ። በሽታው ያለበት ቤተሰብ ቀድሞውኑ «በዘር ነው» እየተባለ በጋብቻ የሚገለል ነው። «የዘር ጥናት ልናደርግ ነው» ብለህ ሰተት ብለህ ብትገባ መገለሉን በዶክተር ማኅተም ታጸድቅለታለህ። ስለዚህ ስምምነት የሚጠየቅበትን መንገድ ከማኅበረሰቡ በሰሙት መሠረት አስተካከሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ፤ የመጀመሪያው ጸሐፊም ኢትዮጵያዊ ነው። መስማት ሳይንሱን አላዘገየውም፤ እንዲቻል አደረገው እንጂ።

ደቦ እንኳ ሕግ አለው

እኛ አገር ትብብር ሲነሳ ወዲያው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ቡና ይጠጣል፣ አበል ይፈረማል፣ ወርክሾፑ ያልቃል። እኔ የምጠይቀው፣ ድሩን ማን ይፈትለው? ማንስ ያስተማረው?

ገበሬው እኮ ከዩኒቨርሲቲው የተሻለ ያውቃል። ወንፈል ሲገባ አንተ ዛሬ የኔን ካረስክ እኔ ነገ ያንተን አርሳለሁ፤ ቀኑ ይታወቃል፣ በሬው የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ቀርቶ ያፈረ ሰው ይታወቃል። ደቦ ሲጠራ የጠሪው ድግስ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ትብብሩ የቆመው በፍቅር ብቻ አይደለም፤ ውል አለው። ልጆችም አብረው እየወጡ ነው የሚማሩት።

የምርምር ትብብር ግን ያለ ውል ይጀመርና በኩርፊያ ያልቃል። ስሜ ለምን ሁለተኛ ሆነ? ዳታው የማን ነው? ምንም ያልሠራው የመምሪያ ኃላፊ ለምን ተጨመረ? ለዚህ እኮ መልስ አለ! የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለጸሐፊነት አራት መስፈርት አስቀምጧል፦ በጥናቱ ሐሳብ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ላይ ተጨባጭ ድርሻ፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ከዚያ ሌላ የሥራ ድርሻን በ14 ሚናዎች ከፋፍሎ የሚያሳይ «ክሬዲት» የሚባል ዝርዝርም አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃው ትምህርት ነው። ስንቱ የማስተርስ ተማሪ ነው ይህን ከመጣላቱ በፊት የሰማው?

የሚሉኝን አውቃለሁ

«መመረቂያ ጽሑፍ የግል ብቃት መለኪያ ነው፤ በቡድን ከተሠራ ሰነፉ በጎበዙ ጀርባ ያልፋል።» የቡድን ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ምን እንደሚያደርግ እኔም አውቃለሁ፤ አብሬው ተምሬያለሁ። ነገር ግን ጥያቄውን የጋራ፣ ምዕራፉን የግል ማድረግ ይቻላል። ሦስት ተማሪዎች የአንድ ወረዳን የሕፃናት ተቅማጥ ያጥኑ፤ የጤናዋ ስርጭቱን፣ የሶሲዮሎጂው እናቶች ምን ብለው እንደሚጠሩትና የት እንደሚወስዱት፣ የምህንድስናዋ ውሃውን። እያንዳንዱ የራሱን ምዕራፍ ብቻውን ቆሞ ይከላከል፤ በተጨማሪ ግን «የጓደኛህ ምዕራፍ ያንተን ምን አስለወጠው?» ተብሎ ይጠየቅ። ሰነፍ ያቺን ጥያቄ አያልፋትም።

«ጊዜ የለም።» ለዚያች ወረዳ እናቶችን ሰብስቦ «ልጅ ሆዱ ሲበላሽ ምን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር። ግማሽ ቀን ቆጥበን የብዙ ቀን ሥራ አበላሸን።

«መጀመሪያ ሁሉም በራሱ ሙያ ይጠንክር።» ይህኛው ጠንካራው መከራከሪያ ነው፤ ሙያ የሌለው ሰው ለማንም አጋር አይሆንም። ግን በሙያ መጠንከር ማለት እውቀትህ የት ላይ እንደሚያልቅ ማወቅንም ይጨምራል። አጥሩን የማያውቅ ሰው የጎረቤቱን ማሳ የኔ ነው ብሎ ያርሳል።

«ትብብር ጸባይ ነው፣ አይማርም።» ቁስል መስፋትም እኮ በተፈጥሮ አይመጣም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ነገር አውርቶ መሄድ የኛ የጸሐፊዎች አመል ነው ስለሚባል አምስት ነገር ልበል።

አንድ፤ ፕሮፖዛል ከመጽደቁ በፊት ተማሪው ጥያቄውን ከሌላ ዲፓርትመንት ተማሪ ጋር ይሥራው፤ ምን እንደተለወጠ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ማርክ ይያዝበት። ማርክ የሌለው ነገር እኛ አገር እንደማይነበብ ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለት፤ መጠይቅ ተመልሶ ተተረጎመ የምትለው ዓረፍተ ነገር ብቻዋን አትበቃም። ከተጠያቂዎቹና ከአካባቢው ጤና ሠራተኛ ጋር የተሠራ የቃላት ዝርዝር ይያያዝ።

ሦስት፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ውል ይኑር፤ ማን ምን ይሠራል፣ ስም በምን ቅደም ተከተል ይገባል፣ ዳታው ማን ጋ ይቀመጣል፣ ከተጣላን ማን ይዳኘናል።

አራት፤ ሁለተኛ አማካሪ ከሌላ ሙያ ይመደብ፤ ለይስሙላ ሳይሆን ማርክ የሚሰጥ። ሥራውም ለእድገቱ ይቆጠርለት። የማይቆጠር ሥራ የሚሠራ መምህር ጻድቅ ነው፤ ሥርዓት ደግሞ በጻድቃን አይቆምም።

አምስት፤ ይህ ለኔ ዋናው ነው። መረጃ በሚሰበሰብበት ጊዜ በየማታው 15 ደቂቃ «ዛሬ ምን ግራ ገባችሁ?» የሚባልበት ስብሰባ ይኑር፤ ትንሹ ቀድሞ ይናገር። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ትንሹ የሚቀረው ራሱን መነቅነቅ ነው። ተማሪው ለአማካሪው ያልደወለው እኮ ስልክ አጥቶ አይደለም። «አንተ ገና እዚያ ነህ እንዴ» መባልን ፈርቶ ነው። (እመለስባታለሁ ያልኳችሁ ይህቺ ናት።) «አላወቅኩም» ማለት ውርደት በሆነበት ቤት ትብብር አይበቅልም። ትልቁን ሰው በአክብሮት መቃወም፣ የማያውቁትን ቃል «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ስህተትን ሳያፍሩ ማንሳት፣ እነዚህ ሁሉ የሚለማመዷቸው ነገሮች ናቸው።

የኛስ ጉድ?

ፍርድ ከቤት ይጀምር። እኔ ጋዜጠኝነት ስመረቅ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ «ጥናት አረጋገጠ» ብዬ ግን ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። የሶሻል ሳይንስ ጓደኞቼም የጤናዎቹን «ቁጥር ቆጣሪ» እያልን ስናሾፍ፣ ቁጥሩ ባይቆጠር ኖሮ የሚሞቱት ሕፃናት ስንት እንደሆኑ ማን ይነግረን እንደነበር አልጠየቅንም። ያን ቀን ማታም ሄጄ የተናገርኩት አንዴ ብቻ ነው። ዝም ስባል ዝም አልኩ፤ አበሌን ተቀበልኩ፣ ፈረምኩ። እኔም አልተማርኩም ማለት ነው፤ የማምንበትን ነገር የሌላው ሙያ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ማስረዳት። «ልጁ ታሟል» ከማለት ይልቅ «ጥያቄው የበሽታውን መጠን አሳንሶ እያሳየህ ነው» ብለው ኖሮ ምናልባት ላፕቶፑን ይዘጋው ነበር።

መመረቂያ ጽሑፉ ጸድቋል፤ መደርደሪያ ላይ ነው። በዚያች ወረዳ ስንት ሕፃናትን ያስቀምጣቸዋል ብሎ የሚፈልግ ሰው ነገ ያገላብጠው ይሆናል። የሚያገኘው ቁጥር ውስጥ አንድ የስምንት ወር ልጅ «2. የለም» ተብሎ ተመዝግቧል። የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄድን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሐሙስ በፊት ትድረስ አትድረስ አላውቅም።